ቦኒቶ በቀላል ዕቃ፦ መቅጠን ያለበት ዘንጉ ነው ወይስ ክሩ?

ውይይቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሐሳቤ አጭር ነበር። ለመዝናናት ባሕር ለሚወርድ አጥማጅ፣ በቀላል ዕቃ እንደሚያዝ ቦኒቶ (የቱና ዘመድ የሆነ የባሕር ዓሣ ነው) የሚያስደስት ዓሣ የለም አልኩ። ግዙፍ ዓሣ በወፍራም ዘንግ ማውጣት የጉልበት ሥራ ነው፤ ወገብና ትከሻ ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ኪሎ የሚመዝን ቦኒቶ በቀጭን ዘንግ ሲያዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማን ማንን እንደያዘ ለጊዜው አይታወቅም። ከዚያ ጥያቄዬን አስከተልኩ። ቀላል ስንል ምን ያህል ቀላል ማለታችን ነው? ምን ዓይነት ዘንግ፣ የስንት ኪሎ ክር፣ የስንት ግራም ማታለያ፣ ማለትም ዓሣ መሳይ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ትጠቀማላችሁ?

የራሴንም ሳልደብቅ ዘረዘርኩ። ዘንጉ 2.1 ሜትር ነው፤ ጫፉ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ወገቡ ግን ጠንከር ይላል። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል መጠኑ 3000 ቁጥር ነው። ክሩ 7 ኪሎ የሚሸከም የተገመደ ክር ነው። ጫፉ ላይ 9 ኪሎ የሚሸከም ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር አንድ ሜትር ያህል እቀጥላለሁ፤ ሊደር የምንለው እሱን ነው። ከዚያ 20 ግራም የብረት ማታለያ። የሪሉን ፍሬን 2 ኪሎ ገደማ ሲጎተት ክር እንዲለቅ አድርጌ አስተካክላለሁ። ይኼው ነው።

ምላሾቹ ሠላሳ አልፈዋል። ሁሉንም ቃል በቃል አልገለብጥም፤ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላውራችሁ።

ምላሽ 1 ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ቦኒቶ እንደሌላው ዓሣ ነካ ነካ አድርጎ አይሞክርም አለ። መጥቶ ይመታል፣ መትቶ ይሮጣል። ዘንግህን አጥብቀህ ካልያዝክ ዘንጉ ራሱ ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ሩጫ ላይ ሪሉ ሲጮህ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበርና ይኼ ነገር ዛሬም እንዳልለቀቀው ነገረን። ሌላ ምክር የለውም። ምርቃት ጨምሮ ወጣ።

ምላሽ 2 ጀማሪ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ በትሕትና ጠየቀ። ቦኒቶ የሚባለው የቱ ነው? ሰው ትንሿን ቱናም፣ ስኪፕጃክንም፣ ሌላውንም ቦኒቶ ሲል ይሰማል። እሱ ፎቶ ተነሥቶ ለጓደኞቹ ሲልክ ሁሉም የተለያየ ስም ሰጡት።

ምላሽ 3 የውይይቱ ምርጥ መልስ ነው ብዬ አስባለሁ። በጣም ረጅም ነው፣ ግን አንድም ቃል አይጣልም። ጀርባውን እዩ ይላል። ቦኒቶ ጀርባው ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉት፤ ትንሽ ሰያፍ ሆነው በሥርዓት የተሰመሩ ናቸው። ትንሿ ቱና መስመሯ የተወላገደ፣ የተጠማዘዘ ነው፤ ከደረት ክንፏ በታች ደግሞ ጥቂት ጥቋቁር ነጥቦች አሏት። ስኪፕጃክ መስመሮቹ ያሉት ሆዱ ላይ ነው። አሁንም ካልለየላችሁ አፉን ክፈቱት። የቦኒቶ ጥርሶች ሾጣጣና በዓይን የሚታዩ ናቸው። የሌሎቹ ጥርስ ግን ከመድቀቁ የተነሣ ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። ሥጋውም ይለያል፤ የቦኒቶ ፈካ ያለ ሮዝ ሲሆን የትንሿ ቱና ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

ምላሽ 4 ለ3ኛው ወንድሜ ተባረክ ብሎ ምስጋና አዘነበ። ምላሽ 5 ራሷ 3ኛዋ ናት። በአንድ መስመር፣ ወንድም ሳትሆን እህት መሆኗን አስታወቀች። ከዚያ በኋላ ሁሉም እህታችን ይላት ጀመር፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላታለሁ።

ምላሽ 6 ወደ ማታለያው ወሰደን። የእሱ ሃይማኖት ፍጥነት ነው። ቦኒቶ የሚያሳድደው ትንንሽ ዓሣዎችን ነው፤ አንቾቪ፣ ጨቅላ ሰርዲን፣ የመሳሰሉትን። ስለዚህ ማታለያው እንደ ምግቡ አጭርና ቀጭን ይሁን፤ ነገር ግን ሩቅ እንዲወረወር ክብደት ይኑረው። ብረት የተመረጠውም ለዚህ ነው። ከ15 እስከ 30 ግራም ይበቃል። ወርውር፣ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ እጅህ የቻለውን ያህል ጠቅልል። አታወዛውዝ፣ አትቁም። ዓሣው ከእጅህ ይፈጥናል፤ የማይደርስበት እንዳይመስልህ።

ምላሽ 7 በአክብሮት አረመው። ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። ቦኒቶዎቹ ጣት የማያህሉ ጨቅላዎችን እየለቀሙ ከሆነ ብረቱን ዞር ብለው አያዩትም። ያኔ ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ አስረህ ቀስ ብለህ ብትስብ ይሻላል። ሌላ የተናገረው ነገር ከሁሉም ይልቅ ጠቅሞኛል። የቦኒቶ መንጋ ትንንሾቹን ሲያሳድድ የሚፈላውን ውሃ አይተህ መሀሉ ላይ አትወርውር አለ። መንጋው እየተጓዘ ነው። ማታለያህ እስኪወድቅ ድረስ እነሱ አልፈዋል። አቅጣጫቸውን አይተህ ፊት ለፊታቸው ጣል።

ምላሽ 8 ከ7ኛው ጋር መሆኑን ለማሳየት የራሱን ገጠመኝ አመጣ። ዓሣው ዙሪያውን እየዘለለ ነበር። ወፎቹ ከላይ እየተወረወሩ ነበር። እሱ የያዘውን ማታለያ ሁሉ አፈራርቆ ጨረሰ፣ አንዱም አልነካለትም። በመጨረሻ ማታለያውን ከሊደሩ ጋር የሚያያይዘውን የብረት ቀለበት ቆርጦ ጣለ፣ ሊደሩን አቀጠነ፣ ማታለያውን በግማሽ አሳጠረ። ወዲያው ተያዘለት። ቦኒቶ ዓይኑ ሹል ነው ብሎ ደመደመ። በጠራ ውሃ ውስጥ ከማታለያው ሌላ የሚያብረቀርቅ ብረት ካየ ይሸሻል እንጂ አይነካም።

ምላሽ 9 አልተዋጠለትም። እህታችን ጥርስ አለው ብላለች፤ ጥርስ ካለው ሽቦ ማሰር ግድ ነው ሲል ተከራከረ። ምላሽ 10 ላይ 8ኛው ተመለሰ። የቦኒቶ ጥርስ ያዝ አድርጎ ለመዋጥ እንጂ ለመቁረጥ አይደለም። ሽቦ ካሰርክ ከነጭራሹ አይነካህም። ይልቅ ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ሊደሩን ከማታለያው በላይ ያለውን አንድ ስንዝር በከንፈርህ መሀል አሳልፈው። ጣት ያላገኘውን ሻካራ ከንፈር ያገኘዋል። ከሻከረህ ያን ቆርጠህ እንደገና እሰር። የሽቦው ክርክር እዚህ ላይ ተዘጋ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ያምር ነበር። ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ አንቱ ይባባል ነበር። ከዚያ ምላሽ 11 መጣ።

11ኛው የሚኮራበትን ሊነግረን ነው የገባው። እኔ የጻፍኩት 7 ኪሎ ክር ወፍራም ነው አለ። ወንድ ከሆንክ 2 ኪሎ የሚሸከም ናይለን ያዝ። እሱ በዚያ ክር አንድ ቦኒቶ ይዞ ለአርባ ደቂቃ ተሟግቷል። ክሩ አልተበጠሰም። ክብደቱም ከአሥር ኪሎ በላይ ነበር ብሏል። ከዚያ ለቀቀው።

ምላሽ 12 ሰላምታም አላስቀደመም። አንቱታው ቀርቶ አንተ ተጀመረ። ያደረግከው ዓሣ ማጥመድ ሳይሆን ማሠቃየት ነው አለው። ቦኒቶ ለመተንፈስ መዋኘት አለበት፤ አርባ ደቂቃ የታገለ ዓሣ ከውሃ ውጪ ፎቶ ተነሥቶ ሲመለስ በድኑን ነው የምትመልሰው። ክብደቱንም አላመነውም። አትላንቲክ ላይ ተይዞ ሪከርድ ሆኖ የተመዘገበው ቦኒቶ በአዞረስ፣ ፋያል ደሴት አጠገብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 የተያዘው ነው፤ እሱም 8.3 ኪሎ ገደማ ነበር። አንተ ከዚያ የበለጠ ይዘህ ሳትመዝን ለቀቅክ ማለት ነው ሲል ዘጋው። ስድቡን ልተወው።

በ13 ላይ 11ኛው ራሱን ተከላከለ። ዓሣው ሲለቀቅ ዋኝቶ ሄዷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ስለ ኪሎው ምንም አላነሣም።

ምላሽ 14 እህታችን ናት፤ ውሃ ይዛ ነው የመጣችው። ሁለቱንም ወንድሞቼ ብላ ጀመረች። ዋኝቶ መሄድና መትረፍ አንድ አይደሉም አለች። ብዙ ዓሣ ዝም ብሎ ቆሞ ስንጥቡን እየከፈተና እየዘጋ ውሃ ያስገባል። ቦኒቶ ይኼን በበቂ ሁኔታ አያደርገውም። አፉን ከፍቶ ወደፊት እየሄደ ነው ውሃው ስንጥቡ ላይ የሚያልፍለት። ከቆመ አየር የለም። የአየር ከረጢትም የለውም፤ ስለዚህ ሲቆም ይሰምጣል። ድካሙ ሲበዛ ጡንቻው ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ ከተለቀቀ በኋላም ሊገድለው ይችላል። እኛ የምናየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። ልትለቁት ከሆነ ቶሎ አውጡት፣ ቶሎ መንጠቆውን ንቀሉ፣ ከዚያ በጭንቅላቱ ወደ ውሃው ቁልቁል ወርውሩት አለች። ለሌላ ዓሣ ጭካኔ ይመስላል። ለቦኒቶ ግን ውሃው በአንድ ጊዜ በአፉ ገብቶ በስንጥቡ እንዲወጣ ያደርጋል፤ እንደ መቀስቀሻ ነው።

ምላሽ 15 ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። እንግዲያው ቀላል ዕቃ የሚባል ነገር ይቅር አለ። ወፍራም ዘንግ፣ ወፍራም ክር፣ በአንድ ደቂቃ ጨርስ። ቀላል ዕቃ ለአጥማጁ እንጂ ለዓሣው አይመችም።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ፤ 16ኛው የእኔ ነው። ሁለቱም ወገን ክብደቱን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያየው ይመስለኛል። የቀላል ዕቃ ደስታ የሚመጣው ከዘንጉና ከማታለያው ነው። ዘንጉ ሲለመጥ የዓሣው እያንዳንዱ እርግጫ እጅህ ድረስ ይደርሳል። ሪሉ ሲቀል እጅህ ሳይዝል ቀኑን ሙሉ ትወረውራለህ። ክሩን ማዳከም ግን ለስሜቱ የሚጨምረው የለም፤ የሚጨምረው ሰዓት ነው። ፍሬኑን የምታጠብቀው ክሩ በሚችለው ልክ ነው፤ በተለምዶ ከሚሸከመው ሲሶ እስከ ሩብ ያህል። ለ7 ኪሎ ክር 2 ኪሎ ትላለህ። ለ2 ኪሎ ክር ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በላይ ብቻ ነው። በዚህ ፍሬን ቦኒቶን ማቆም አትችልም፤ እስኪደክመው መጠበቅ ብቻ ነው። ደግሞም ለውፍረት ከሆነ ዛሬ 7 ኪሎ የሚሸከመው የተገመደ ክር 2 ኪሎ ከሚሸከመው ናይለን ብዙም አይወፍርም። ያን ያህል ሩቅ ይወረወራል፣ ያን ያህል ውሃ ይሰነጥቃል። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ደካማውን የምንመርጠው? 11ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። 12ኛው አንድ ጥፍር አነሣልኝ፤ አውራ ጣት ማለቴ ነው።

ምላሽ 17 ሳይንስ ሊያስተምረን ሞከረ። ቦኒቶ የማይደክመው ደሙ ሙቅ ስለሆነ ነው አለ፤ እንደ ቱና። ምላሽ 18 ወዲያው ያዘው። ሙቀቱን በሰውነቱ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ልዩ የደም ሥር መረብ ያላቸው ቱናዎቹ ናቸው። ስኪፕጃክና ትንሿ ቱናም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ቦኒቶ ዘመዳቸው ነው እንጂ ይኼ መረብ የለውም፤ ሰውነቱ ከውሃው ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል፣ አብሮ ይሞቃል። እንዲያውም ቦኒቶን የሚያስደንቀው ይኼ ነው አለ። ያን ሁሉ ሩጫ የሚሮጠው ያለ ማሞቂያ ነው። 17ኛው ተቀየመ። ቦኒቶ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚል ትልቅ ቁጥር ይዞ ተመለሰ፤ ቁጥሩን እዚህ አልደግመውም። 19ኛው በቀዝቃዛው፣ የዓሣ ፍጥነት ተብለው የሚዞሩት ቁጥሮች ብዙዎቹ ጥንት የተገመቱ መሆናቸውን፣ በኋላ በደንብ ሲለኩ ብዙ ዓሣ ከተባለለት በጣም ዝቅ ብሎ መገኘቱን ጻፈ። እኔ በዚህ ከ19ኛው ጋር ነኝ። ሪሌ ላይ ያለው ክር ግማሹ በአንድ ትንፋሽ ሲሄድ እያየሁ ሰዓት መያዝ ለምን ያስፈልገኛል?

ቁጥሩ ላይ ጠቡ ሊበርድ ሲል 20ኛው ከየት እንደመጣ ባይታወቅም ታሪክ ይዞ ገባ። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የግሪኩ ጂኦግራፈር ስትራቦ ስለዚህ ዓሣ ጽፏል አለ። ዓሣው ከአዞቭ ባሕር ተነሥቶ፣ እያደገ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ አድርጎ ቦስፎረስ ወደሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ይመጣል። እዚያ በኬልቄዶን በኩል ነጭ አለት አለ፤ ዓሣው ያን አይቶ ደንግጦ ወደ ማዶ ይዞራል። የውሃው ግፊት ወስዶ ወርቃማው ቀንድ የሚባለው ጠባብ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይከተዋል። እዚያ ከመብዛቱ የተነሣ በእጅ ይያዝ ነበር። ባለ ነጩ አለት ከተማ ተመልካች ሆና ስትቀር ማዶ ያለችው ቢዛንቲየም፣ የዛሬዋ ኢስታንቡል፣ በለጸገች። ምላሽ 21 ሮማዊው ፕሊኒም ስለዚያ ነጭ አለት መጻፉን ጨመረ። እኔ በጣም ወደድኩት። 22ኛው ግን በእጅ ከተያዘማ የእኛ ዘንግ ምን ሊሠራ ነው ብሎ አሾፈ፤ 23ኛው ደግሞ የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው፣ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለን።

ተመለስን። በቁጣ ተመለስን። 24ኛው ጀልባ ያለው ሰው ነው፤ ግን የተቆጣው በሌሎች ባለ ጀልባዎች ነው። ወፍ የተሰበሰበበትን ባዩ ቁጥር ሞተራቸውን አስነሥተው መንጋው መሀል ይገባሉ። ዓሣው ይሰምጣል። ከዚያ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፣ እነሱም እንደገና ይጋልባሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያባርሩ ውለው አንድም ሳይዙ ይገባሉ፤ ሌላውንም ጦም ያሳድራሉ። የእሱ ዘዴ እንዲህ ነው። መንጋው የሚሄድበትን ካየ በኋላ በሩቁ ይዞራል። ነፋሱ ወደ መንጋው በሚነፍስበት በኩል ይቆማል። ሞተር ያጠፋል። ነፋሱ ቀስ አድርጎ ያስጠጋዋል፤ እንዲያውም ዓሣው ራሱ ወደ ጀልባው ይመጣል። በዚያ ላይ ነፋሱ ከኋላ ስለሆነ ቀላል ማታለያም ሩቅ ይወረወራል። ይኼ ምላሽ ግማሹ ስድብ ባይሆን ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚለጠፍ ነበር።

25ኛው ከዳር የሚያጠምድ ነው። የባለ ጀልባዎቹን እርስ በርስ መካሰስ አይቶ ሳቀ። እኛ ከዳር ስንወረውር ፊት ለፊታችን መጥታችሁ የምትቆሙት ሁላችሁም ናችሁ አለ። በዚህ መሀል የእሱ ምክር ሊጠፋ ነበር፤ ልያዘው። ከዳር የሚያጠምድ ሰው ዓሣውን አያሳድድ፤ ዓሣው የሚያልፍበትን ይምረጥ። ወደ ባሕሩ የገባ የድንጋይ ካብ ጫፍ፣ የወንዝ ወይም የሐይቅ ውሃ ወደ ባሕር የሚወጣበት ጠባብ በር። ባሕሩ ሲሞላ ወይም ሲጎድል ውሃው እዚያ ይሮጣል፤ ትንንሾቹ ዓሣዎች መቋቋም አቅቷቸው ይገፋሉ፤ ቦኒቶ ይኼን ያውቃል። ሰዓቱ ጎሕ ሲቀድ ነው። ምንም ባይታይም በየደቂቃው ወርውር። ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ነው የሚያልፈው።

26ኛው ለጀማሪው፣ ለ2ኛው ማለት ነው፣ የተጻፈ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ረስቶት ነበር። ዓሣው ከተያዘ በኋላ ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል ነገረው። መጀመሪያ ይሮጣል፤ ዝም ብለህ ልቀቀው፣ ፍሬኑን በሩጫው መሀል አትንካ። ሲያቆም ጠቅልል። ከዚያ በድንገት ክሩ ይላላል። ጀማሪ ሁሉ አመለጠኝ ብሎ እጁን የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። አላመለጠም፣ ወደ አንተ እየሮጠ ነው። እንደ እብድ ጠቅልል። መጨረሻ ላይ ከሥርህ ሆኖ ክብ እየሠራ ይዞራል። እዚያ ጋ ዘንግህን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገህ አታቁም፤ የሚሰበረው ያኔ ነው። ዝቅ አድርገህ ወደ ጎን ሳበው። መረብ ካለህ ከጭንቅላቱ በኩል ይግባ። መረብ ከሌለህ ከጭራው በላይ ያለውን ቀጭኑን ቦታ ጨብጥ፤ ጠንካራ ነው፣ እንደ እጀታ ይያዛል።

ጭራውን ጨብጦ የማያውቅ ሰው የማይገምተውን ነገርም 26ኛው አስገብቷል። ቦኒቶ እጅ ላይ አይወራጭም፤ ይንቀጠቀጣል። ስልክ ቫይብሬት ላይ ሆኖ ሲደወል እንደሚያደርገው፣ ግን እስከ ክርንህ ይሰማሃል። ጀልባው ወለል ላይ ካስቀመጥከው ደግሞ ጭራው ወለሉን ሲመታ ድምፁ እየተፋጠነ ይሄዳል፤ አጠገብህ ያለ ሰው የምትለውን አይሰማም። ይኼን ሳነብ ፈገግ አልኩ።

27ኛው ስለ መብላት አነሣ። ልትበላው ከሆነ አትለማመጠው አለ። ወዲያው ስንጥቡ ሥር ቁረጥና ደሙን አፍስስ፤ ከዚያ በባሕር ውሃና በበረዶ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ክተተው። በረዶ ብቻ ከሚሆን ውሃ የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ዓሣውን ከሁሉም በኩል ይነካዋል። ፀሐይ ላይ ጥለኸው ሌላ ለመያዝ አትሩጥ። 28ኛው ይኼ ሁሉ ማካበድ ነው አለ። ዓሣ ትንሽ ቢቆይ ምን አለበት፣ በደንብ ከተጠበሰ እሳት ሁሉን ይገድላል።

እዚህ ላይ እህታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አለች። 29ኛው የእሷ ነው። እሳት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው ሠርቶ ያስቀመጠውን ግን አያጠፋም። የቦኒቶ፣ የቱናና የማከሬል ሥጋ ሂስቲዲን የሚባል ነገር በብዛት አለበት። ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ ባክቴሪያዎች ያንን ወደ ሂስታሚን ይቀይሩታል። ሂስታሚኑ ቢጠበስም ቢቀቀልም ይቆያል። በረዶ ቤት ቢገባም አይጠፋም። ዓሣው ሊሸትም ላይሸትም ይችላል። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ብዙ ሰው ለዓሣ አለርጂ አለኝ ብሎ የሚደመድመው በዚህ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ከውሃ እንደወጣ ማቀዝቀዝ። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንዳይል። 28ኛው መልስ አልሰጠም። ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

30ኛው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ማታለያዎቹ ሲገዙ ብዙዎቹ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ይዘው ነው የሚመጡት። ይቀየሩ ወይ? 31ኛውና 32ኛው ሁለቱም ይቀየሩ አሉ፤ አንዱ ለዓሣው አዝኖ፣ አንዱ ለጣቱ። የሚንቀጠቀጥ ዓሣ አፍ ውስጥ ሦስት ጥርስ ያለው መንጠቆ መንቀል አንድ ጥርስ እጅህ ውስጥ እንደሚያስቀር ይታወቃል። ባለ አንድ ጥርሱ ጠልቆ ይይዛል፣ ቦኒቶ ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ ቶሎ አይወልቅም፣ ሲነቀልም በአንድ መጠምዘዝ ነው። ተቃዋሚ አልተገኘም፤ በዚህ ውይይት ውስጥ ይኼ ብርቅ ነው።

33ኛው አዲስ ገቢ ነው። ከላይ ያለውን ሳያነብ የስንት ግራም ማታለያ ልግዛ ብሎ ጠየቀ። 34ኛው ዓይን ተሰጥቶሃል፣ ወደ ላይ ሄደህ አንብብ አለው። 35ኛዋ እህታችን ከ15 እስከ 30፣ በ20 ጀምር ብላ መለሰችለት።

36ኛው የተገመደውን ክር ከፍሎሮካርቦኑ ጋር የሚያያይዘው የትኛው ቋጠሮ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ኤፍ ጂ የሚባለው ቋጠሮ ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ ቀለበቶች መሀል ሳይነካ ያልፋል የሚሉ ተነሡ። ጀልባ ላይ፣ ንፋስ እየመታህ፣ መንጋው አጠገብህ እየፈላ ኤፍ ጂ ለማሰር የሞከረ ሰው እንዲህ አያወራም የሚሉም ተነሡ፤ እነሱ ድርብ ዩኒ ይላሉ፣ ቶሎ ይታሰራል። 11ኛው ከጠፋበት ተመለሰ፣ 12ኛውም ጠበቀው። ተቆጣጣሪው የቋጠሮውን ነገር ለብቻው ውይይት ከፍቶለት እዚያ አዛውሮታል። እኔ ድርብ ዩኒ ነኝ፣ እዚያ ሄጄ ጽፌአለሁ።